ዋናተኛና ጄት ስኪ በአንድ መድረክ፦ ከቢሾፍቱ ሐይቆች በአንዱ የገጠመን ጉዳይ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሰዎች ልጅ የሚዋኝበት ውሃ በቅርብ የለም። የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ድንጋይ የወጣባቸው የካባ ጉድጓዶች ደግሞ ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁሩና ልጅ ይወስዳሉ፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ የየሰፈሩ ወላጅ ልቡ አያርፍም። ስለዚህ ዋና የሚወድ ልጅ ያለው ሰው ፊቱን የሚያዞረው ወደ ቢሾፍቱ ነው። በፍጥነት መንገዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ከተጓዝን እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ሐይቆች ዳር እንደርሳለን።

እኔ የስፖርት መምህር ነኝ። የብሎካችንን ልጆች ዋና ማለማመድ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ወላጆች ለኮስተር ያዋጣሉ፣ ምሳ ይቋጥራሉ፣ በወር አንድ እሁድ እንወርዳለን። ከዚህ በታች የምጽፈው በአንዱ እሁድ የደረሰብንን፣ ለምን እንደ ደረሰና ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግን ነው። የመዝናኛውን ስም አልጠራም። የሐይቁንም አልጠራም፤ ሐይቁ ከተጠራ መዝናኛው ይታወቃል። ባለቤቱም፣ ጄት ስኪውን (ውሃ ላይ እንደ ሞተር ሳይክል የሚነዳውን ማሽን) የሚያከራዩት ወጣቶችም በኋላ ያሳዩትን ቅንነት ስላየሁ ስማቸው በክፉ እንዲነሣ አልፈልግም።

የዳግማይ ትንሣኤ እሁድ

11 ልጆችና 7 ወላጆች ነበርን።

ከሁሉ አስቀድሜ ቦታውን ልግለጽ። የእነዚህ ሐይቆች ዳር እንደ ላንጋኖ አይደለም። ላንጋኖ መሬቱ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ ልጅ ብዙ እርምጃ ገብቶም ውሃው ደረቱ ላይ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች ግን የእሳተ ገሞራ አፍ ናቸው። ገደሉ ከላይ እንዳሽቆለቆለ ውሃው ውስጥም ይቀጥላል፤ ቢሾፍቱ የሚባለው ሐይቅ ራሱ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። በዚህ ምክንያት ሰው ወደ ውሃው የሚደርስበት ለጥ ያለ ዳርቻ ብርቅ ነው። እኛ የምንሄድበት መዝናኛ የነበረው ገደሉን በደረጃ ወርደው የሚያገኙት አንድ የእንጨት መድረክ ብቻ ነው። ዋናተኛው ከዚያ ይገባል፣ የቀዘፋ ጀልባው እዚያ ይታሰራል፣ ጄት ስኪውም ከዚያው ተነሥቶ እዚያው ይመለሳል። ይህን አንድ መድረክ ልብ በሉልኝ። የጉዳዩ ሥር እሱ ነው።

ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ልጆቹ ዳግመኛ ውሃ ገቡ። እኔ መድረኩ ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ። ፀሐይዋ ውሃው ላይ ስለምታንጸባርቅ የልጅ ጭንቅላት ከማዕበሉ ጥላ ለይቶ ማየት ለእኔም አስቸግሮኝ ነበር፤ ለሚነዳውማ እንዴት ይታየዋል? ጄት ስኪውን የተከራየው ከሠርግ አጃቢዎች ጋር የመጣ ወጣት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ሳይክል ዕቃ የሚያደርስ፣ ሞተር በእጁ ያለ ልጅ። ሐይቁን ሁለት ጊዜ ዞረና ጓደኞቹ ወደቆሙበት ወደ መድረኩ በፍጥነት መጣ። አጠገባቸው ሲደርስ ታጥፎ ውሃ ሊረጫቸው ነበር ሐሳቡ።

13 ዓመት የሆናት የጎረቤታችን ልጅ ከሌሎቹ ራቅ ብላ በጀርባዋ ትዋኝ ነበር። ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ስለሆነ የሞተሩ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አልለየችም። ወጣቱ ያያት ቅርብ ከደረሰ በኋላ ነው። ነዳጁን ለቀቀው። እጀታውንም ወደ ግራ ጠመዘዘው። ማሽኑ ግን አልታጠፈም፤ በያዘው አቅጣጫ ተንሸራተተ። ልጅቷ ጩኸታችንን ሰምታ ይሁን ጥላውን አይታ፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ታች ጠለቀች። ማሽኑ ከላይዋ አልፎ የመድረኩን ምሰሶ መታና ወጣቱን ከመቀመጫው ላይ ጣለው። ዘልዬ ሳወጣት ውሃ ጠጥታለች፣ ትከሻዋን የመድረኩ ሚስማር ጭሮታል። ቢሾፍቱ ክሊኒክ ታይታ ማታውኑ ቤቷ ገባች። ትከሻዋ በሳምንት ዳነ። ውሃው ግን ለብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ሆነባት።

ወጣቱን ቂም ይዤ ነበር ወደ እሱ የሄድኩት። ደረጃው ላይ ተቀምጦ እየተንቀጠቀጠ ያለቅሳል። «ጋሼ፣ ለቀቅኩት እኮ! ደግሞም ጠመዘዝኩት!» አለኝ። ደጋግሞ ይህንኑ ነው የሚለው። ያን ቀን ሰበብ መሰለኝ። በኋላ ግን ቃል በቃል እውነቱን እንደ ነገረኝ ገባኝ፤ አደጋው የመጣው ሁለቱንም በአንድ ላይ ስላደረገ ነው።

ማሽኑ ለምን አልታጠፈም

ጄት ስኪ ከሆዱ ሥር ውሃ ይስብና በኃይል ወደ ኋላ ይተፋዋል። የሚገፋውም የሚያዞረውም ያ የሚተፋው ውሃ ነው። እጀታውን ስትጠመዝዝ ከኋላ ያለው የውሃ መትፊያ አፍ ወደ ጎን ይዞራል፤ ማሽኑ የሚታጠፈው በዚያ ግፊት ነው። እንደ ጀልባ ውሃ ውስጥ የሰመጠ መሪ የለውም። ስለዚህ ነዳጁን የለቀቀ ሰው ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን መሪውንም አብሮ ነው የሚያጣው። እጀታው በእጁ ላይ እንደ ልብ ይዞራል፣ ማሽኑ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ1998 እ.ኤ.አ. ስለነዚህ ማሽኖች ባወጣው ጥናት ካነሣቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፍሬን ያላቸው ሞዴሎች ገበያ ላይ ውለዋል፤ የእኛው ግን ከዚያ የቀደመ፣ በሁለተኛ እጅ የተገዛ ማሽን ነበር።

ሞተር ሳይክል ለለመደ ሰው ይህ ተቃራኒ ነገር ነው። መንገድ ላይ አንድ ነገር ድንገት ቢገባብህ ነዳጅ ትለቃለህ፣ ታጠፋለህ፤ እጅህ ሳታስበው ነው የሚያደርገው። ያንን ወጣት ውሃ ላይ የከዳው የመንገድ ላይ ችሎታው ነው። ይባስ ብሎ አከራዮቹ ሲያስረክቡት የሰጡት ትምህርት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ «ከፈራህ ልቀቀው፣ ራሱ ይቆማል።» ይቆማል፤ ግን ብዙ ሜትር ከተንሸራተተ በኋላ።

ፍጥነቱንም አስቡት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ማሽን በአንድ ሰኮንድ 16 ሜትር ከግማሽ በላይ ይጓዛል። 50 ሜትር ላይ ልጅ ያየ ነጂ ያለው ጊዜ 3 ሰኮንድ ነው፤ ከዚያም ላይ መደንገጫው ይቀነሳል። ብዙ አገሮች ለዋናተኛ ቅርብ ሲሆኑ የሚፈቅዱት 5 ኖት ነው፣ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ያው 50 ሜትር 19 ሰኮንድ ይፈጃል። በ19 ሰኮንድ ውስጥ ልጅ ዘወር ይላል፣ ነጂ ይጮሃል፣ እኔም ውሃ ውስጥ ዘልዬ እደርሳለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ማሽኑ የሞተር ማጥፊያ ገመድ ነበረው፤ አንዱ ጫፍ ማጥፊያው ላይ ይሰካል፣ ሌላው ነጂው እጅ ላይ ይታሰራል፣ ነጂው ሲወድቅ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ቀጥ ይላል። ያን ቀን ገመዱ በነጂው እጅ ላይ ሳይሆን በእጀታው ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ወጣቱ ሲወድቅ ሞተሩ አልጠፋም፣ ዝቅ ብሎ ይሠራ ነበር። የማሽኑ አፍ ደግሞ ውሃ የሚስበው ከሥሩ ነው፤ የልጅ ፀጉርም ሆነ የዋና ልብስ ገመድ ሊስብ ይችላል። ያኔ ልጅቷ እዚያው ሥር ነበረች።

የእኔንም ልናገር። ልጆቹን ከመድረኩ ምን ያህል እንዲርቁ አልነገርኳቸውም። ማሽኑ መኖሩን እያየሁ ከየት ወደ የት እንደሚነዳ አከራዮቹን አልጠየቅኩም። ለእናቷም የነገርኳት በዚሁ ቃል ነው። «መምህር፣ አንተን ብዬ እኮ ነው የላክኋት» አለችኝ። ከዚህ በላይ አልተናገረችም።

የማን ሥራ ነው?

ከማግሥቱ ጀምሮ ከብሎካችን ሦስት ሰዎች ሆነን መጠየቅ ያዝን። አንዱ ቢሮ «ሰሌዳ የለውም፣ ተሽከርካሪ አይደለም» አለን። ሌላው «ሰው አያመላልስም፣ መጫወቻ ነው» ብሎ መለሰን። የአገር ውስጥ ውሃ ላይ ትራንስፖርት በሕግ የማሪታይም ባለሥልጣን ጉዳይ ነው፤ ይሁንና ሰው ከወንበር ወደ ወንበር ሲያዞረን የሰማነው ነገር ሁሌም አንድ ነው፣ ይህ ማሽን ትራንስፖርት አይደለም የሚል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። በእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2005 እ.ኤ.አ. ሰው ክፉኛ የጎዳ አንድ የጄት ስኪ ነጂ የተፈረደበትን ፍርድ ሽሮለታል። ምክንያቱ ጄት ስኪ በመርከብ ሕጉ ትርጉም «መርከብ» አይደለም፣ ለጉዞ ሳይሆን ለመዝናኛ ነው የሚሽከረከረው የሚል ነበር። የባሕር ሥልጣኔ ያለው አገር ያንን ክፍተት እስኪደፍን 2023 ደረሰ። ከማርች 31 ቀን 2023 ወዲህ በአደገኛ ሁኔታ የነዳ ሰው እስከ 2 ዓመት ይታሰራል፣ መቀጮውም ጣሪያ የለውም። መጫወቻ ነው ብሎ የተዉት ነገር ሰው ሲጎዳ ነው ማሽን መሆኑ የሚታየው።

መንገድ ያሳዩን የብሎካችን ነዋሪ የሆኑ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ነገሩን ስንነግራቸው ከመደርደሪያቸው የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጡና አንቀጽ 2081ን ከፍተው ሰጡን። የማሽን ወይም የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ እሱ ራሱ ምንም ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። «ሰሌዳ ይኑረው አይኑረው ሕጉ አልጠየቀም ልጄ» አሉኝ። «ማሽን ነው ወይ? ነው። ባለቤት አለው ወይ? አለው። በቃ።» የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። «እሱን ግን ተወው» አሉ፤ «እሱ የሚመጣው ከቀብር በኋላ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ከቀብር በፊት ያለውን ነው።»

ክስ አልመሠረትንም። አንቀጹን ይዘን ወደ መዝናኛው ባለቤት ሄድን። ከሁለቱ ወጣት አከራዮች ጋር ሆነው ተቀበሉን፤ ማሽኑ የወጣቶቹ ነው፣ ለመዝናኛው ከገቢያቸው ድርሻ ይከፍላሉ። በአካባቢው ሰው ዘንድ የተከበሩ አንድ ኦቦም ለሽምግልና ተጠርተው መጥተዋል። ባለቤቱ መጀመሪያ ላይ «ጋሼ፣ ልጆቹን እየጠበቃችሁ ብታዋኙ ምን ነበር?» አሉ። እውነት አላቸው፣ አልካድኩም። ቀጥሎ አንቀጹን አነበብንላቸው። ዝም አሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ማሽኑን የገዙት በብድር ነው፣ አንድ ጉዳት ማሽኑንም ቤታቸውንም ሊወስድ እንደሚችል እስከዚያ ቀን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ደንቡን ከእኛ ይልቅ የፈለጉት እነሱ ናቸው።

300 ሜትር በትንሽ ሐይቅ

የመጀመሪያው ረቂቅ የእኔ ነበር፣ ስሕተቱም የእኔ። የሌሎች አገሮችን ደንብ ፈልጌ ሰብስቤ ነበር። ፈረንሳይ ከባሕር ዳርቻ እስከ 300 ሜትር ድረስ ከ5 ኖት በላይ መንዳት ትከለክላለች። ኒውዚላንድ ያንኑ 5 ኖት ከዳርቻ በ200 ሜትር ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ ካለ ሰው ደግሞ በ50 ሜትር ውስጥ አድርጋዋለች። እኔም ጥሩ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ «300 ሜትር» ብዬ ጻፍኩ።

ኦቦ ወረቀቱን ተቀብለው አዩትና ሐይቁን በእጃቸው አሳዩኝ። «መምህር፣ ይሄን ያህል ከዚያኛው ዳርም ቁጠር» አሉ።

ማታ ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። ከቢሾፍቱ ሐይቆች ሆራ ስፋቱ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ባቦጋያ 0.6 ገደማ። ሁለቱም ወደ ክብ ያደላሉ። ክብ ነው ብለን ብንወስደው 0.6 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ሐይቅ ከመካከሉ እስከ ዳሩ 437 ሜትር ብቻ ነው። ዙሪያውን 300 ሜትር ብንከለክል መሐል ላይ የሚቀረው ከሐይቁ አንድ አሥረኛ ነው። በ200 ሜትሩ ደንብ ከሄድን አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ሆራን በሚያህለው በ300 ሜትር የሚተርፈው ከአንድ አምስተኛ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በዚያ መሐል ላይ በሙሉ ፍጥነት የሚሄድ ማሽን ቢለቀቅ ከሰው ርቆ አይነዳም፤ በጠባብ ክብ ውስጥ ይሽከረከራል፣ በየዙሩም አፍንጫውን ወደ አንዱ ዳርቻ ያዞራል። ያንን ወጣት ያሳሳተው መንሸራተት ደግሞ የሚመጣው በመታጠፊያ ላይ ነው።

የባሕር ደንብ የሚሠራው ባሕሩ ወዲያ ማዶ ክፍት ስለሆነ ነው። ነጂው ጀርባውን ለዋናተኛው ሰጥቶ መሄድ ይችላል። የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ጀርባ የለውም፤ በሄድክበት ሁሉ የአንድ ሰው ልጅ የሚዋኝበት ዳር ፊትህ ነው። በእኔ እምነት የእነዚህ ሐይቆች ደንብ ከሜትር ሊጀምር አይገባም። በቦታ መለየት የማይቻለውን በሰዓት መለየት ነው ያለብን፤ ሰዓቱን ለመለየት ፈቃደኛ ያልሆነ አከራይ ማሽኑን ወደ ሰፊ ውሃ ይውሰድ። በዚህ ላይ ከአንዳንድ ወላጆች ጋር አልተስማማሁም። እነሱ ማሽኑ ጨርሶ ይጥፋ ነበር የሚሉት። ከጉዳቱ በኋላ እንዲህ ማለታቸውን እረዳለሁ፤ ግን የሁለት ወጣቶችን እንጀራ ሳይዘጉ የልጆችን ሕይወት መጠበቅ ሲቻል ያንን መንገድ መሞከር ግዴታችን ነው ብዬ ተከራከርኩ።

ሰዓቱን ያስማማልን የወጣቶቹ ደብተር ነው። የተከራየ ሰው ሁሉ በስሙና በሰዓቱ ተመዝግቧል። ብናየው እሁድ ጠዋት ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚውለው፤ ኪራዩ የሚደራው ሰው ምሳ በልቶ ሞቅ ሲለው ከ8 ሰዓት በኋላ ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ የሚዋኙት ጠዋት ቢሆን ይሻላቸዋል፤ ከሰዓት ነፋሱ ይነሣል። ለካ ማናችንም ብዙ የምናጣው ነገር አልነበረም።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ውሃው የዋናተኛ ነው፣ ማሽን አይነሣም። ከ8 ሰዓት በኋላ መዋኘት የፈለገ በገመድ በታጠረው ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ጄት ስኪው ከእንግዲህ ከመድረኩ አይነሣም። ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ፣ የጠጣ፣ ማጥፊያ ገመዱን እጁ ላይ ያላሰረ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ያልለበሰ አይነዳም።

መሥራት

ወረቀት መፈረም ቀላሉ ነበር። ማሽኑ ከየት ይነሣ? ከመድረኩ ራቅ ብሎ ገደሉ ትንሽ የተናደበት ቦታ አለ። ሁለቱ ወጣቶች ዶማ ይዘው ሦስት ቀን ደረጃ ቆፈሩበት፤ የማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ እየሞሉ ደረጃ በደረጃ ደለደሉት። የእኛ ወላጆች ለእንጨቱና ለሚስማሩ አዋጡ። ከሠራነው ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሰው ሰዓት ይረሳል፣ ሞቅ ያለው ሰው ሕግ አይሰማም፤ ማሽኑ ከሌላ በር የሚወጣና የሚገባ ከሆነ ግን ቢረሳም ቢያጠፋም ወደ መድረኩ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። ጓደኞቹም የሚጠብቁት በዚያ በኩል ቆመው ነው።

የዋና ክልሉን ማጠር ብዙ አደከመን። መጀመሪያ ቢጫ ጀሪካን በገመድ አስረን በድንጋይ መልሕቅ ልናቆም ሞከርን። ድንጋዩ ወረደ፣ ወረደ፣ ገመዱ አለቀ። ከዳር ትንሽ እልፍ እንዳልክ ውሃው ገደል ስለሆነ መልሕቅ የሚይዝበት መሬት የለም፤ ረጅም ገመድ ብንሰጠው ደግሞ ነፋስ ጀሪካኑን ወዲያና ወዲህ ይዞት ይዞራል። መልሕቁን ትተን ገመዱን በአግድም ዘረጋነው፤ በአንድ በኩል ሾላ ዛፍ ላይ፣ በሌላው ውሃው ውስጥ ወደ ገባ ቋጥኝ። ጀሪካኖቹን እሱ ላይ ደረደርናቸው፣ መድረኩ በመካከል ሆነ። እሱ ያዘ።

በሁለተኛው ሳምንት ስንመለስ ጀሪካኖቹ የሉም። ደህና ጀሪካን ውሃ መቅጃ ነው፣ ዘይት መያዣ ነው፣ ማን ውሃ ላይ ይተወዋል? እትዬ የምንላቸው አንዲት እናት ናቸው መፍትሔውን ያመጡት፤ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቀን በቀዩ የሽንኩርት ከረጢት ሞልተን አሰርን። ቀይ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል፣ ለመስረቅም የሚያጓጓ ነገር የለውም። አሁን ልጆቹ በየወሩ ሃይላንድ እየሰበሰቡ ይዘው ይወርዳሉ፤ የተቀደደ ከረጢት ካለ ይተካል።

የነጂዎቹን ትምህርት ወጣቶቹ ናቸው ያሰቡት፣ እኔ አልጨመርኩበትም። ተከራዩን ከኋላው ተቀምጠው ሰው ወደሌለበት ይወስዱትና በቀስታ እየሄደ ነዳጁን እንዲለቅ፣ ወዲያው እጀታውን እንዲጠመዝዝ ያደርጉታል። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሄድበታል። «አየህ አይደል?» ይሉታል፤ «አሁን ትንሽ ነዳጅ እየሰጠህ ጠምዝዝ።» ይታጠፋል። በጆሮ ከመስማት በእጅ ማወቅ ይለያል። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው የሚወርዱለት። አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ እነሱም ከኪራዩ ጊዜ አይቀንሱበትም።

ያልተፈታው

ቅዳሜ አልያዝነውም። ቅዳሜ የሠርግ ቀን ነው፤ ሰው ጠዋትም ይመጣል፣ ለማሽኑ የሚከፍለውም ከእሁዱ ይበልጣል። ወጣቶቹ «ቅዳሜን ተዉልን» አሉን፤ እኛ የምንወርደው እሁድ ስለሆነ ተስማማን። ልቤ ግን አላረፈም፤ ቅዳሜ የሚዋኝ የሌላ ሰው ልጅ አለ። በዚህ ነጥብ ላይ የራሳችንን ብቻ አይተናል።

የዘይቱም ነገር አለ። ያረጀ ሁለት ምት ሞተር ከሚጠጣው ነዳጅ እስከ ሩብ ድረስ ሳይነድ ወደ ውሃው ይለቃል። እነዚህ ሐይቆች ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ የላቸውም፣ የገባባቸው እዚያው ይቀራል። ባለቤቱ ማሽኑ ሲቀየር ባለ አራት ምት እንዲሆን ቃል ገብተውልናል፤ መቼ እንደሚቀየር ግን በብድሩ ነው የሚወሰነው።

ልጅቷ ከእኛ ጋር መውረድ ከጀመረች ከርማለች። እስካሁን ከደረጃው ሁለተኛ እርከን በታች ውሃ ውስጥ አልገባችም፤ እኔም አላስገድዳትም። የሚገባውንና የሚወጣውን ልጅ በደብተር የምትመዘግበው እሷ ናት፣ ፊሽካውም በእሷ አንገት ላይ ነው። ካለፈው ጊዜ ወዲህ እኔ የምቆጥረው ሁለተኛ ሆኜ ነው።

ትልቁ ክፍተት ማዶ ያለው ነው። ከፊት ለፊታችን ሌላ መዝናኛ አለ፣ ሌላ ማሽን አለው፣ ስምምነታችን ውስጥ የለም። ባለፈው ወር ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ልጆቹ ውሃ ውስጥ እያሉ ያ ማሽን ወደ እኛ አቅጣጫ መጣ። ፊሽካው ተነፋ፣ ልጆቹ ሁሉም ወደ መድረኩ ወጡ። ሁለቱ ወጣቶቻችን በቀዘፋ ጀልባ ሄደው ሐይቁ መሐል አስቆሙትና በኦሮምኛ ረጅም ጊዜ አወሩት። እኛ ከዳር ሆነን እናያለን፤ እጅ ይወራወራል፣ ድምፅ ከፍ ይላል። በመጨረሻ ማሽኑ ዞሮ በቀስታ ተመለሰ።

«ምን አለ?» አልኳቸው ሲመለሱ።

«ሕጉን አላመነም» አለኝ ታላቅየው። «ለቀህ ስትጠመዝዝ አይታጠፍም ስንለው ግን ሳቀብን፣ አሳዩኝ አለ።»

ለሚቀጥለው እሁድ ከረፋዱ 3 ሰዓት በእነሱ መነሻ እንዲመጣ ቀጥረነዋል። የፍትሐ ብሔሩን አንቀጽ ግልባጭ ባለቤቱ ያዘጋጃሉ፤ ኦቦም እመጣለሁ ብለዋል።